ከብቱ የእሷ፣ መሬቱ የሰው

እምቢታ አፏን ስትፈታ እንደ ሌላው ልጅ «እማ» ወይም «አባ» አላለችም። የመጀመሪያ ቃሏ «እምቢ» ነበር። አባቷ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ይህንኑ ስም አወጡላት። ትምህርት ቤት ገብታ አስተማሪዋ በመዝገብ ስሟ ስትጠራት እሷም እንደ ሌላው ልጅ ዘወር ብላ ማን ይሆን ብላ ፈልጋለች።

የተወለደችው ከከተማው ራቅ ብሎ ባለ የከብት እርባታ ውስጥ ነው። ቦታውን ያቀኑት ቅድመ አያቷ ናቸው። እሾሁን መንጥረው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ በለቀሙት ድንጋይ ረጅም ቤት ሠሩ፤ ከኮረብታው ሥር የሚወርደውን ምንጭ ገድበው ኩሬ አበጁ። ሰው ሁሉ «መንጣሪው» ይላቸው ነበር። ከእሳቸው ለልጃቸው አለፈ። ልጃቸው፣ ማለትም የእምቢታ አያት፣ ግጦሹን ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ ያጠሩ የአካባቢው የመጀመሪያ ሰው ስለነበሩ «አባ ሽቦ» ተባሉ። ለአባ ሽቦ ሽቦ የማይፈታው ችግር አልነበረም። የወንበር እግር ቢሰበር ሽቦ፣ የበር ማጠፊያ ቢወልቅ ሽቦ፤ መነጽራቸውን እንኳ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሽቦ አስረው ነው ያደረጉት።

ከአባ ሽቦ ለእምቢታ አባት ደረሰ። እሳቸው ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ግን ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደገባ ጠፋ። ከብቱን ለእረኞቹና ለልጃቸው ትተው ከተማ ውለው መግባት ጀመሩ። እምቢታ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የበረቱን ሥራ ሁሉ በያዘችበት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ፣ ቦታውን መሸጣቸውን ነገሯት። ሊሸጡ ማሰባቸውን አይደለም፤ መሸጣቸውን። ገዢው በቆዳ ንግድ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ከብቱም ከቦታው ጋር አብሮ ሄዷል። አባቷ በበኩላቸው በከተማው ዋና መንገድ ላይ ፊት ለፊቱ ሻይ ቤት የሚሆን፣ ከኋላው መኖሪያ ያለው ቤት ገዝተዋል። ዕቃ የሚጭነው መኪና በማግስቱ ይመጣል።

እምቢታ ዳቦዋን በልታ ጨርሳ፣ ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ ጠርጋ ወደ በረት ሄደች።

በማግስቱ መኪናው ተጭኖ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ እሷ የለችም። አባቷ በረት ገብተው ቢያዩ ከላም ሥር ቁጭ ብላ ታልባለች። ሰው እየተጠበቀ መሆኑን ነገሯት። ቀና ሳትል ላሞቹ ገና አልታለቡም አለች። ከዛሬ ጀምሮ ላሞቹ የሌላ ሰው መሆናቸውን አስታወሷት።

«የማንም ይሁኑ» አለች፤ «ካልታለቡ ጡታቸው ያብጣል።»

«አልበሽ ስትጨርሺስ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም። አባዬ፣ ቦታውን ሸጡ እንጂ እኔን አልሸጡኝም።»

ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ብዙ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ወጥተው ሲሄዱ የእሷን ፍራሽና ሳጥን ከመኪናው አስወርደው በረንዳው ላይ ትተውላት ነበር።

ቆዳ ነጋዴው የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ እጃቸው በማንኛውም ሳሙና የማይለቅ የቆዳ ሽታ ያለው ሰው ነበሩ። ሰው ሲቀልድባቸው «ከብት የሚያውቁት ከሞተ በኋላ ነው» ይላል፤ ውሸትም አልነበረም። ባዶ ነው ብለው የገዙት ቤት በረንዳ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ፣ አንዲት ወጣት ሴት የወተት ጀሪካን ስታጥብ አገኙ።

ማን እንደሆነች ጠየቋት። የሸጡልዎት ሰው ልጅ ነኝ አለቻቸው። ታዲያ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቁ። የዛሬው ወተት ተጭኖ መሄዱን፣ ሁለት ጥጆች ማሳል መጀመራቸውን፣ ከጋጣው ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ መነሳቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ነጋዴው እስክትጨርስ አዳመጡ። ነጋዴ ናቸውና ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ አሉ።

«ደመወዝ አልፈልግም፣ ጋሼ። ማደሪያና ቀለብ ይስጡኝ። በየዓመቱ ደግሞ አንዲት ሴት ጥጃ። ጥጃዋ የእኔ ትሁን፣ ከእርስዎ ከብት ጋር ትሰማራ፣ የምትወልደውም የእኔ።»

ሰውየው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ በወር መጨረሻ በር ላይ ይሰለፍባቸዋል፤ ይቺ ጥጃ ትለምናለች። እረኞቹን ምስክር አድርገው ውሉ እንዲጸና እጅ ተመታቱ። ከተማ ሲመለሱ ነገሩን ለሚስታቸው እየሳቁ እንዳወሩ ይነገራል።

እምቢታ ግን አልሳቀችም። የመጀመሪያዋን ጥጃ ራሷ መረጠች፤ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያለባት፣ እግሯ ረጅም፣ ዓይን የማትሞላ። እሷን አሳደገች። ጥጃዋ አድጋ ወለደች፤ የወለደቻት ደግሞ ወለደች።

ሰው እንደሚያስበው ነጋዴውና እምቢታ ሁሌ ተጋጭተው አልኖሩም፤ ጨርሶ አለመጋጨት ግን አልቻሉም። የመጀመሪያው ጠባቸው የአባ ሽቦ አጥር ነው። ነጋዴው ገና ወር ሳይሞላቸው የእሾህ ሽቦው በሙሉ ተነስቶ በእንጨት ይተካ አሉ። እምቢታ አያቴን ከመቃብር አውጥተው እንደ መምታት ነው ብላ ኩርፊያ ገባች። ነጋዴው ቢገስጿት አልሰማ ስትላቸው አንዷን ላም አስይዘው የእምቢታን እጅ ሳብ አድርገው የላሟን ቆዳ አስዳሰሷት። እዚህ ጋ ጭረት፣ እዚህ ጋ የዳነ ቁስል፣ እዚህ ትል የገባበት ጠባሳ። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ያለፈውን ቆዳ ሁሉ ያበላሸው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሽቦው ተነሳ። በዓመቱ ቁስልና ዝንብ ሲቀንስ እምቢታ ራሷ ሄዳ ልክ ነበሩ አለቻቸው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማየትም መምጣት ጀመሩ፤ ቅዳሜ ይመጡና በረት ውስጥ በዱካ ተቀምጠው የላሞቹን ጀርባ እየዳሰሱ ይውላሉ።

ለአዲሱ አጥር የብረት በሮች ያስፈልጉ ስለነበር ከከተማ አንድ በያጅ ተጠራ። ወሬ የማይጨርስ፣ ሲሠራም ሲበላም የሚቀልድ ሰው ነው። መቼም አንድ በር ለመሥራት ወር የሚፈጅ በያጅ የለም፤ እሱ ግን ፈጀ። በሩ ሲያልቅ መዝጊያው አልተመቸኝም ብሎ እንደገና ፈታው። ነጋዴው ነገሩ ገብቷቸው ቀለቡን ከሠራተኛ ጋር አብረው አዘዙለት። እምቢታና በያጁ ተጋቡ፣ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። በያጁ ከተማ እየዋለ ይገባል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሚስቱ ላሞች መካከል የትኛዋ በእሱ እንደምትቀና ከእሷ ጋር ይጨቃጨቃል።

እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። ነጋዴው ለንግዳቸው ሲቸግራቸው ከከብታቸው እየሸጡ፣ የእምቢታ እየተራባ፣ በመጨረሻ በረቱ ውስጥ የሚያገሣው አብዛኛው የእሷ ሆነ። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ «አሁንማ ጥገኛው እኔ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ደፍራ መሬቱን ይሽጡልኝ ብትላቸው ሳቃቸውን አቆሙ። ለልጆቻቸው ሳይነግሩ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያደርጉ ነገሯትና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም አሏት። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ችግሩ «እኔ እያለሁ» ያሉት ነው። በሚቀጥለው በጋ ሱቃቸው ውስጥ፣ የተከመረ ቆዳ ተደግፈው እንደተቀመጡ አረፉ።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ በከተማው ትልቅ ሆቴል ያለው ነው፤ ታናሿ ነርስ ናት። ከቀብር በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአንድ መኪና መጡ። ባለ ሆቴሉ ከመኪናው ወርዶ ቦታውን ዙሪያውን አየና እምቢታን ጠራት። በዕድሜ ብትበልጠውም «አንቺ» እያለ ነው ያናገራት። ከካባ ድንጋይ እየፈለጡ የሚያወጡ ሰዎች ኮረብታውን ይፈልጉታል፤ የሚፈልጉት ግን ከብትም ሰውም የሌለበት ባዶ ቦታ ነው። የአባቱ ከብት እንደሚሸጥ፣ የእሷንም ይዛ እንድትወጣ ነገራት። እምቢታ በመሬቱ ልዋጭ ከከብቴ ልስጣችሁ አለችው።

«ሆቴል ውስጥ ላም ምን ላደርጋት ነው?» አለ። ሊያሾፍ ብሎ አልነበረም፤ በእርግጥም አልታየውም።

ነርሷ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ወንድሟ ወደ ቤቱ ሲገባ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ አባቴ ስለ እርስዎ ሲያወራ ነው ያደግሁት። ግን ወንድሜን ብቻዬን አልችለውም» አለቻት። እምቢታም አንቺን አልቀየምም አለቻት። እውነቷን ነው፤ የነርሷ ፊት ሟች አባቷን ይመስል ነበር።

ወሬው ሲሰማ ሁሉም ምክር ይዞ መጣ። እረኞቹ በሩን ቆልፈን እንቀመጥ፣ ማን ያወጣናል አሉ። በያጁ፣ በሩን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ እኔ ካልፈለግሁ የሚከፍተው የለም ብሎ ፎከረ። ሥጋ ቤቶችና የከብት ደላሎች ደግሞ ችግሯን ሰምተው አጥሩ ዳር መቆም ጀመሩ፤ የሚወጣ ከብት በርካሽ እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ሰው ሁሉ ስሟን እያሰበ የምትለውን ጠበቀ።

«በሰው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እምቢ ካልኩ ወራሪ ነው የምባለው» አለች ለባሏ። «እወጣለሁ። ግን አንዷንም አልሸጥም። ሁሉንም ይዤ ነው የምወጣው።»

«ወዴት?»

«ሳር ወዳለበት።»

በያጁ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

በጠራራ ፀሐይ ወጡ። ቦቃዋ አርጅታ ስለነበር ከኋላ፣ የልጅ ልጇ፣ እሷም ቦቃ፣ ከፊት ሆና መንጋውን መራች። ደላሎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ዋጋ እየጠሩ ሸኟቸው። እምቢታ ዘወር ብላ አላየቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መናገር ቀላል ነው፤ መኖሩ ነው የከበደው። ሁለት ክረምት ሙሉ ቤታቸው መንገድ ሆነ። በያጁ ከድሮ ቧንቧ የሚፈታና የሚገጠም በረት ሠራ፤ አንድ አሮጌ ተጎታች ገዝቶ ጣሪያ አለበሰው፣ እዚያ ውስጥ አደሩ። ልጃቸው ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ሻይ ቤቱ ጋ፣ አያቷ ዘንድ ተቀመጠች። እምቢታ ገበሬዎች እህላቸውን ካነሱ በኋላ ማሳቸው ላይ ታሰማራለች፤ ገበሬዎቹ ፍጉን ያገኛሉ። ማሳ ሲጠፋ በመንገድ ዳር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር፣ ሥራ ያቆመ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ። ከአንድ ቦታ ቢያባርሯት ሌላ ትጠይቃለች። የፋብሪካው ዘበኛ ሦስት ጊዜ መልሷት በአራተኛው ራሱ በሩን ከፈተላት፤ ከእሷ ጋር ከመከራከር ላም መጠበቅ ይቀላል ብሎ ነው አሉ።

አሮጊቷ ቦቃ በመጀመሪያው ክረምት ሞተች። ሁለት ጊደሮችን በማለዳ ጭጋግ የጭነት መኪና ገጫቸው። አንዳንድ ጥጆችም በሳል ሞቱ። እምቢታ እያንዳንዷን ስትቀብር አታለቅስም፤ አካፋውን ግን ከማንም አትቀበልም፣ ራሷ ነበር የምትቆፍረው። ደላሎቹ አልጠፉም። በየሄደችበት ደረሱባት። ለእነሱም መልሷ አንድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው ለመሻገር ከብቱን በከተማው ዋና መንገድ ማሳለፍ ግድ ሆነ። መኪና ቆመ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሱቆች በራቸውን ዘጉ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ አባቷ ትሪ እንደያዙ ቆመው ከብቱ ሲያልፍ አዩ። አርጅተዋል። ትሪውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ባልዲ ውሃ እያንጠለጠሉ ወጡ፤ ለጥጆቹ። ደንበኞቹም አይተው ተነሱና ባልዲ ማቀባበል ጀመሩ። ከብቱ ሲጠጣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ቆመው ለብቻቸው ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሽጪያቸውና እረፊ» አሏት።

«ካረፍኩ በኋላ ምን ልሠራ?»

አባቷ የባልዲውን እጀታ ሲያሻሹ ቆዩ። «እናትሽ የት እንደሞተች ታውቂያለሽ? ቤት እንደሞተች ነው የነገርኩሽ። ቤት አይደለም። መንገድ ላይ ነው። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ እኔ ጎማ እየገፋሁ፣ ሐኪም ቤቱ መብራት እየታየን። ያንን ቦታ የሸጥኩት አንቺም እንደሷ እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው። ዛሬም ቢሆን እሸጠዋለሁ።»

እምቢታ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ጥጆቹ የጨረሱትን ባልዲ አንስታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮም እቀር ነበር አለቻቸው፤ ግን ተለያይተን ሳይሆን ተነጋግረን። እጃቸውን ይዛ ሳመችና ከከብቱ ኋላ ሄደች። ማን ልክ እንደነበር አልተስማሙም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ለሻይ ቤቱ ወተት ይደርሳል።

እርባታው ባዶውን በቀረበት ጊዜ ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። የካባ ሰዎቹ መጥተው ኮረብታውን እዚህም እዚያም ቆፈሩት። ድንጋዩ ለግንብ የማይሆን፣ በእጅ ሲጨብጡት ፍርክስክስ የሚል ሆነ። ጉድጓዱን ሳይደፍኑ ሄዱ። ከብት የማይግጠው ሳር አድጎ ደረቀ፤ እሾሁ በጎን በኩል ገባ። የኩሬውን የትርፍ ውሃ መውጫ የሚጠርግ ስለሌለ ግድቡ በአንድ ጥግ ተሸረሸረ። የጋጣው ቆርቆሮ እየተነቀለ ተወሰደ። በያጁ አንድ ቀን ከተማ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ፣ ወር የፈጀበትን በር ግድግዳ ተደግፎ አገኘው። ባለ ሱቁ ጥራቱን ሊያስረዳው ሲጀምር፣ «መዝጊያው ብቻ አይመችም» ብሎት ወጣ።

ባለ ሆቴሉ ቦታውን ለገዢ ሁሉ አሳየ። መጥቶ ያየው ሁሉ እሾሁንና ጉድጓዱን አይቶ ተመለሰ።

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ ከእህቱ ጋር የጡብ ፋብሪካው ግቢ ድረስ መጣ። ጫማው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ከተጎታቹ ፊት ቆሞ እምቢታን ሰላም አላት። «እንደምን ነዎት?» ነው ያላት። እምቢታ «እርስዎ» መባሏን ሰማች፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድም ገባት። ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠቻቸው፣ ትኩስ ወተት ሰጠቻቸው።

ባለ ሆቴሉ የመጣበትን ተናገረ። ቦታው ሰው ይፈልጋል። ከብቷን ይዛ ትመለስ፣ ቤቱንም ትያዝ፤ ደመወዝ ይቆረጥላታል ወይም ግጦሹን ትከራየዋለች፣ እንደፈቀደች።

«ወንድሜ፣ በደመወዝም በኪራይም አልመለስም» አለች። «አባታችሁ እጅ መትተውልኝ ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ እጁም አብሮ ተቀበረ። ልመለስ የምችለው መሬቱ የእኔ ሆኖ ነው። የከብቴን ግማሽ እሰጣችኋለሁ።»

ባለ ሆቴሉ እህቱን አየ። ነርሷ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልሰበረችም። ከመንገድ ጀምሮ ያሰበችበት መሆኑ ያስታውቃል። የእሷን ድርሻ በከብት እንደምትቀበል፣ ወንድሟም እንዲቀበል፣ የእሷ ከብት ግን እዚያው እርባታው ላይ እንዲቀመጥላትና ከሚወለደው ግማሹ የእምቢታ እንዲሆን እንደምትፈልግ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። «የአባቴ ቅዳሜዎች እዚያ ናቸው» አለች። ወንድሟ ብዙ አሰበ፤ ወተቱን ጠጣ፤ እሺ አለ።

አከፋፈሉ ተራ በተራ እንዲሆን ተስማሙ፤ አንዷን እነሱ፣ አንዷን እሷ። መጀመሪያ መምረጥ ለእንግዶቹ ተሰጠ። ባለ ሆቴሉ በከብቱ መካከል ገብቶ ዞረና ግራ ገባው። ተመልሶ ራሷን ጠየቃት፤ የትኛዋ ትሻላለች? በያጁ ከኋላ ሆኖ ሚስቱን በዓይኑ ጠቀሳት፤ አንዷን ከሲታ ጠቁሚው ማለቱ ነው። እምቢታ ግን መንጋውን ስትመራ የኖረችውን ወጣቷን ቦቃ ጠቆመች። ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት አለች።

ባለ ሆቴሉ ላሟንም እሷንም ተራ በተራ አየ። ሌላ እንዲመርጥ እህቱ እጅጌውን ነካችው። እሱ ግን ነጋዴ የወለደው ነው፤ ቦቃዋን ወሰደ። እምቢታ ገመዱን በእጇ አስረከበችው። ከዚያ በኋላ ወደ ቦቃዋ ሳትመለከት የራሷን መምረጥ ጀመረች። እርጉዝ ጊደሮችን መረጠች።

መሬት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ጸሐፊው በማን ስም እንደሚዛወር ጠየቀ። በያጁ ቀደም ብሎ በእሷ ብቻ ይጻፍ አለ። እምቢታ እምቢ አለች፤ ሁለት ክረምት ተጎታች ውስጥ ያደረ ሰው ስሙ ከሌለበት እኔም የለሁበትም አለችና በሁለቱ ስም ተጻፈ። ጸሐፊው የመዝገብ ስሟን ሲጠራት ለአፍታ ዘገየች፤ በያጁ በክርኑ ነካ አደረጋት።

ቤቱ ሲገቡ ከጣሪያው ሰማይ ይታይ ነበር። መጀመሪያ የተጠገነው ግን ጣሪያው አይደለም፤ ግድቡ ነው። ያ በጋ በሙሉ በግድብ ሥራ አለቀ። ጎረቤት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ከኩሬው እንዲያጠጡ በሚል ስምምነት አካፋና ጋሪ ይዘው መጡ። እሾሁን ከነሥሩ ነቀሉት። ነርሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና መጀመሪያ የሰው ቁስል ታክማለች፣ ቀጥላ ጓንቷን ቀይራ ድንጋይ ታቀብላለች።

አባቷ በወተት መኪና የመጡት የሚቀጥለው ዝናብ ሲጀምር ነው። ኩሬው ሞልቶ ግድቡ ችሎ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ለማየት ወጥቷል። እሳቸው ግድቡን አላዩም። መኪናው ሁለት ቦታ ሰምጦ ተገፍቶ ነው የደረሰው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። «መንገዱ ያው ነው» አሏት። «ሰው ቢታመምስ?»

እምቢታ ይህን ስታሰላስል ነበር የከረመችው። ወስዳ የካባ ሰዎቹ ትተውት የሄዱትን ጉድጓድ አሳየቻቸው። ለግንብ የማይሆነው ፍርክስክስ ድንጋይ ጭቃ ላይ ሲደለደል ጠጠር ሆኖ ይቆማል፤ በበረቱ ደጃፍ ሞክራዋለች። ሽማግሌው አንድ እፍኝ አንስተው ጨበጡት፣ በተኑት፣ እንደገና አነሱ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና፣ ከሰመጡበት ከመጀመሪያው ቦታ እንጀምር አሉ። ከተማውን ለቀው አልተመለሱም፤ ሻይ ቤታቸውን ይወዱታል። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ግን በየሳምንቱ እየመጡ፣ ሌላ ሰው እንዲደለድል ሳይፈቅዱ፣ እያንዳንዱን ጋሪ ጠጠር እሳቸው ናቸው ያስደፉት።

ዛሬ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። ባለ ሆቴሉ ወተቱን ከእሷ ይወስዳል፤ ቦቃዋን የሸጠለትን ሰው ሦስት ጊዜ መልሼ ልግዛት ብሎ ጠይቆ እምቢ እንደተባለ እህቱ ለእምቢታ ነግራታለች። ልጇ ከብቱን ትወዳለች፣ ትቀር እንደሆነ ግን ገና አልወሰነችም፤ እምቢታም አልጠየቀቻትም። መንጋው ገና ድሮ የነበረውን አላከለም። ግጦሹም ጠቧል፤ የካባ ጉድጓዶቹ ብዙውን በልተውታል።

ባለፈው ሳምንት የላይኛው ተዳፋት ባለቤት እርጅናው እንደበረታበትና ማሳውን ማረስ እንዳቃተው ሰማች። በማግስቱ ጠዋት ላሞቹን አልባ፣ ጀሪካኖቹን አስጭና፣ ጫማዋን ለውጣ ሽቅብ ወጣች። ባሏ ከኋላዋ ጮክ ብሎ ምን ልትሰጪው ነው አላት። መሄዷን ሳታቆም እጇን ወደ በረቱ ዘረጋች፤ ቀጥ ብላም ወደ ሽማግሌው ደጃፍ አመራች።